የኒያዝቢን ጥይትና የቺናር ጉል አፈሙዝ

ቺናር ጉል በቀኝ ጆሮው አይሰማም። በሽጉጥ ሠሪዎቹ ከተማ በዳራ አርባ ዓመት ሽጉጥ እየሠራ የኖረ ሰው ሁለቱም ጆሮዎቹ ቢሰሙ ነው የሚገርመው። እያንዳንዱን ሽጉጥ ለገዢው ከማስረከቡ በፊት ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ይዞት ይሄድና ራሱ ይተኩሰዋል። ሲተኩስ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል የማድረግ ልማድ ስላለው፣ የዚያን ሁሉ ዘመን ጩኸት የተቀበለችው ቀኝ ጆሮው ናት። ደንቁራም ቢሆን አልከዳችውም። ሚስቱ ስትነዘንዘው፣ ገዢ ዋጋ ሲያራክስበት፣ ጎረቤቱ ኒያዝቢን ሲያሾፍበት፣ በእሷ በኩል ዞሮ ይቀመጣል።

ሙያው አፈሙዝ ነው። ሌሎቹ ሽጉጥ ሠሪዎች እጀታ ሲያስጌጡ፣ ብረቱ ላይ የማያውቁትን አገር ማኅተም ሲቀርጹ ይውላሉ። እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአፈሙዙ ቀዳዳ ፀሐይን ሲያይ ይውላል። ቀዳዳው ውስጥ የፀጉር ታህል ጥላ ካየ ያንን ብረት መልሶ ወደ እሳት ይወረውረዋል። «የቺናር ጉል አፈሙዝ» ማለት ከኮሃት እስከ ፔሻዋር ድረስ እንደ መሐላ ነው፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ቺናር ጉል ነው። ትሑት ሰው ነው ብሎ የሚዋሽለት የለም።

አንድ አመል ደግሞ አለበት። በሠራው ሽጉጥ ውስጥ ዳግም የተሞላ ጥይት እንዲገባ አይወድም። ገዢው ከፍሎ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ ሊወጣ ሲል እጅጌውን ይይዘዋል።

«ስማኝ ልጄ፣ የዚህን ሽጉጥ ምግብ ልንገርህ» ይለዋል። «የፋብሪካ ጥይት ብቻ ነው የሚበላው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ያበላኸው እንደሆነ ሽጉጡን ወደኔ እንዳትመልሰው። አንተንም ተሸክመው እንዳያመጡህ።»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ኒያዝቢን ነው። ኒያዝቢን ጥይት ይሞላል። በየሠርጉና በየበዓሉ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ ልጆች ለቅመው በከረጢት ያመጡለታል። እሱ የቀለሁን ቂጥ ቀጥቅጦ ያቃናል፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ባሩድ ይጨምርበታል፣ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የቀለጠ እርሳስ ይከድንበታል፣ ከዚያም በፋብሪካው ሩብ ዋጋ ይሸጠዋል። በዳራ ሰው ሲያገባ ይተኮሳል፣ ወንድ ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል፣ ከሐጅ ሲመለሱ ይተኮሳል፣ ጨረቃ ስትታይ ይተኮሳል። ይህን ሁሉ ደስታ በፋብሪካ ጥይት የሚችለው ማን ነው? ስለዚህ የኒያዝቢን ሱቅ ሰው አይጠፋበትም።

ክፉ ሰው አይደለም። ተጫዋች ነው፤ ከንፈሩ ሥር ነስዋር የሚሉትን ትምባሆ ወትፎ ሲያወራ ሐዘንተኛ ያስቃል። ጥይቱም ቢሆን አብዛኛው ይተኩሳል። ጣጣው ያለው በቀረው ላይ ነው። ባሩዱ ያነሰው ጥይት እርሳሱን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ካስገባው በኋላ መንገድ ላይ ይተወዋል። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ያቀባብላል፤ ሁለተኛው ጥይት ይመጣና የተቀረቀረውን ይገጨዋል። ከዚያ የሚፈነዳው ሽጉጡ ራሱ ነው። በቺናር ጉል ሱቅ ግድግዳ ላይ እንደ ሽንኩርት የተላጡ አራት አፈሙዞች በሚስማር ተሰቅለዋል። የአራቱንም ባለቤቶች በስም ያውቃቸዋል፤ አንዱ ዛሬ በግራ እጁ ነው የሚበላው።

ሁለቱ ሰዎች በዚህ ነገር ሃያ ዓመት ተሟገቱ። ጠዋት ይጣላሉ፣ ከሰዓት በኋላ አረንጓዴ ሻያቸውን ከአንድ ማንቆርቆሪያ ይጠጣሉ። ኒያዝቢን «የአንተ ሽጉጥ እንደ ቅምጥል ሙሽራ ነው፤ ይህን አልበላም፣ ያንን አልበላም ይላል» ይለዋል። ቺናር ጉል «የአንተ ጥይት ደግሞ እንደ አንተ ነው፤ ይወጣል ሲሉት ይቀመጣል» ብሎ ይመልስለታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ሳባውን የሚባለው የኒያዝቢን ልጅ የቺናር ጉልን ልጅ ዛርሚናን ካላገባሁ አለ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ዛርሚናም ለእናቷ እምቢ አላለችም። ቺናር ጉል ደስ አለው። ደስታው የቆየው ግን የሠርጉን ሥርዓት እስኪያስታውስ ድረስ ነበር።

በእነሱ ጎሣ ሙሽራው ዒላማ ሳይመታ ሙሽሪትን አይወስድም። የሴቷ ወገን ኮረብታው ላይ ትንሽ ነጭ ማሰሮ ያስቀምጣል፤ ማሰሮው እስኪሰበር የወንዱ ወገን ደጅ ቆሞ ይሰደባል። ሽጉጡን የሚያቀርበው የሙሽሪት አባት ነው፣ ጥይቱን የሚያቀርበው የሙሽራው አባት። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቃታ ይገናኙ ብለው አባቶች የሠሩት ወግ ነው። ለሌላው ሰው ጥሩ ወግ ነው።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ቺናር ጉል አንድ ሳጥን የፋብሪካ ጥይት በሻሽ ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረ።

«ላላ፣ ይህችን ለሳባውን ብዬ ነው» አለ። ላላ ማለት ታላቅ ወንድም ነው። ኒያዝቢን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል፤ ቺናር ጉልም ይህን የሚያስታውሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው።

ኒያዝቢን ሻሹን ፈቶ አየ። «ለጥይት ሻጭ ጥይት? ነገ ደግሞ ለእረኛው ፍየል ውሰድለት።»

«ስጦታ ነው እንጂ።»

«ስጦታህን አላህ ይቀበልልህ። አሁን ና፣ እኔ ለልጄ የሠራሁትን እይ።» ከመደርደሪያው ላይ በጥጥ የተጠቀለሉ ጥይቶች አወረደ። ቀለሁን በሎሚና በአመድ አሽቶት እንደ ወርቅ ያበራል። «ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? የሳባውን እጅ ቀጭን ነው፤ ብዕር እንጂ ሽጉጥ ጨብጦ አያውቅም። ሽጉጡ እንዳይረግጠው ብዬ ባሩዱን ቀነስ አድርጌለታለሁ። እንደ ቅቤ ይለሰልስለታል።»

ቺናር ጉል አንዷን አንሥቶ በእጁ መዘናት። «ምን ያህል ቀነስክ?»

«ትንሽ ነዋ።»

«በምን ለካህ?»

«በዓይኔ። የአባት ዓይን አይሳሳትም። እንዲያውም ጥሩ ስለመሰለኝ በዚሁ ልክ ለደንበኞቼም ሠርቻለሁ።»

«ላላ፣ እነዚህ አይተኮሱም። ልጁን ትጎዳዋለህ።»

ኒያዝቢን ጥይቶቹን አንድ በአንድ መልሶ በጥጥ ጠቀለላቸው። ሲናገር ጨዋታው ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «ቺናር ጉል፣ ሃያ ዓመት ስትሰድበኝ ዝም አልኩህ፣ ጎረቤት ነህ አልኩ። አሁን ግን ልጅህን ለቤቴ ሰጥተሃል። ጥይቴን ናቅህ ማለት ቤቴን ናቅህ ማለት ነው። ሳጥንህን ይዘህ ሂድ።»

ሳጥኑን ይዞ ሄደ። ሱቁ ገብቶ ለሠርጉ ያዘጋጀውን ሽጉጥ አወጣና የቃታውን መርፌ ትንሽ ሊሞርደው አሰበ። መርፌው ካጠረ ሽጉጡ አይተኩስም፣ ልጁም ይተርፋል። ሞረዱን አነሣ። ከዚያ በሁለት መቶ እንግዳ ፊት የቺናር ጉል ሽጉጥ ቀጭ ብሎ ሲቀር ታየው፤ እጁ እምቢ አለው። ሞረዱን መልሶ ሰቀለ። በዚህ ነገር በኋላ በራሱ አፍሯል፤ ያን ቀን ግን ሞረዱን የሰቀለው በኩራት ነው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራውና ወገኖቹ ከበሮ እያስመቱ ቀትር ላይ ደረሱ። ሴቶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው ገና ከሩቁ ጀመሩ።

«ሙሽራው ያ ቀጭኑ ነው ወይስ የሽማግሌው ዱላ ነው?» አለች አንዷ።

«ነፋስ ሳይወስደው ቶሎ ተኩሱለት» አለች ሌላይቱ።

ሳባውን ጆሮው ድረስ ቀላ። ቺናር ጉል ሽጉጡን በሁለት እጁ ሰጠው። ኒያዝቢን ወርቅ የመሰሉትን ጥይቶች ካዝናው ውስጥ ራሱ ከተተለትና ግንባሩን ስሞት ወደ ኋላ ሄደ። ነጩ ማሰሮ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ኮረብታው ደረቅ አፈር ነው። ቺናር ጉል ከሙሽራው በስተግራ ቆመ፤ ስለዚህ ወደ ልጁ የዞረችው ደንቆሮዋ ጆሮ ነበረች።

ሳባውን ቃታውን ሳበ። ቺናር ጉል ምንም አልሰማም። ያየው ከአፈሙዙ ጫፍ ትንሽ ጭስ ሲወጣ፣ ጣሪያ ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ነው።

«አስነጠሰው፣ ይማርህ በሉት» ትላለች አንዷ፤ ይህችን በግራ ጆሮው ሰማት።

እሱ ግን ተኩስ የሚሰማው በዓይኑ ነው። ኮረብታውን አየ፤ አቧራ የለም። ማሰሮውን አየ፤ እንዳለ ነው። ሳባውን በእፍረት አቀባበለ፤ ባዶ ቀለህ ሣሩ ላይ ወደቀ። ቀለሁ ባዶ ከሆነ እርሳሱ ወጥቷል። ኮረብታው ካልደረሰ የት ነው ያለው? ይህን ለማሰብ የፈጀበት ጊዜ ልጁ ሽጉጡን መልሶ እስኪያነሣ ድረስ ነው።

ቺናር ጉል ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም ያመዋል። ያን ቀን ግን አላመመውም። ዘሎ የሙሽራውን አንጓ ያዘና ሽጉጡን ወደ ሰማይ ገፋው፤ ጣቱን ከቃታው ላይ አስለቅቆ ነጠቀው።

ከበሮው ቆመ። በእነሱ አገር የሙሽራን ሽጉጥ ከእጁ መንጠቅ በጥፊ ከመምታት ይከፋል። የወንዱ ወገን ወጣቶች ወደፊት ተንቀሳቀሱ፤ የመንደሩ ሽማግሌ ማሊክ ቶርሳም ዱላውን አነሣባቸው። ቺናር ጉል ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ ካዝናውን አወጣ፣ የገባውን ጥይት አራገፈ፣ ከኪሱ የመወልወያውን ዘንግ አውጥቶ በአፈሙዙ ሰደደው። ዘንጉ መንገዱን ሳይጨርስ ቆመ። እርሳሱ እዚያው ነበር።

ዞር ሲል ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው በኒያዝቢን ላይ ነው። ኒያዝቢን ዘንጉን አይቶ ነበር። አርባ ዓመት በጥይት የኖረ ሰው ነው፣ ማስረዳት አያስፈልገውም። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ፤ ዘንጉን ትቶ የሚያየው የልጁን ቀጭን እጅ ነበር።

ቺናር ጉል ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ክርክር ይኸው እጁ ላይ ነው። ዘንጉን ከፍ አድርጎ ቢያሳይ ኒያዝቢን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ሊገድል የነበረ ሰው ይባላል። ዛርሚና ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደዚያ ሰው ቤት ልትገባ ነው፤ አማቷን በሠርጓ ቀን ያዋረደው አባት ልጅ ተብላ ልትኖር ነው። ያለ ምክንያት ነጠቅሁት ቢል ደግሞ ደም ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «አፈሙዙን አጥብቤ ነው የበሳሁት። እርጅና ነው፣ ዓይኔም ደክሟል። ይቅር በሉኝ።»

እንግዶቹ ሳቁ። ጣሪያ ላይ ያሉት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው ይበልጥ የሳቁት። ቺናር ጉል ቤት ገብቶ ሌላ ሽጉጥ ይዞ ወጣና «ይህ ካዝናው ሙሉ ነው፣ አትድከሙ» ብሎ ለልጁ ሰጠው። የሞላው ኒያዝቢን ከመለሰበት የፋብሪካ ጥይት ሳጥን ነው። ወጉ ፈርሷል፤ ማፍረሱንም ያወቀው ኒያዝቢን ብቻ ሲሆን እሱም አልተናገረም። ሳባውን በሁለተኛው ተኩስ ማሰሮውን በተነው። ፑላው የሚሉት የሥጋ ሩዝ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ዛርሚናም ሄደች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ያዘዘውን ሽጉጥ «ለሌላ ስጠው» ብሎ ላከበት። በሁለተኛው ቀን ሦስት ሰዎች የድሮ ሽጉጣቸውን «እስቲ ይህም ጠቦ እንደሆነ እይልኝ» እያሉ አመጡ። በሦስተኛው ቀን ማንም አልመጣም። ቺናር ጉል አንድ አፈሙዝ አንሥቶ ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አቀና፤ ጥላ የለበትም። እንደገና አቀና። ውሸቱን የተናገረው ራሱ ሆኖ ሳለ ራሱም ሊያምነው ምንም አልቀረው። ከፋው፣ በጣም ከፋው።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኒያዝቢን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ትከሻው ላይ ትንሽ ከረጢት ነበረች። ሰላምታ ሰጠ፣ ከረጢቷን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ በርጩማ ስቦ በስተቀኝ፣ በደንቆሮዋ ጆሮ በኩል ተቀመጠ።

«ልጅህ ጉድ አደረገችኝ» አለ።

ልጅህ የምትለዋን ከከንፈሩ አነበበና ቺናር ጉል ደንገጥ ብሎ ዞረ። «ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው ቀን የአፍ መክፈቻዋ ነበር።»

ሙሽራ በአማቷ ቤት ሦስት ቀን አትናገርም። በሦስተኛው ቀን የባሏ አባት በቤተሰቡ ፊት «ምን ልስጥሽ?» ይላታል፤ የለመነችውን ሊነፍጋት አይችልም፤ የመጀመሪያ ቃሏም ያ ይሆናል። አንዳንዷ አምባር ትላለች፣ አንዳንዷ ላም።

«እኔ አምባር አዘጋጅቼ፣ ሚስቴ ኪሴን እየነካካች፣ ምን ልስጥሽ ልጄ አልኳት» አለ ኒያዝቢን። «ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ባባ፣ በዚያ ባሩድ ልክ የተሞላውን ጥይት በሙሉ እፈልጋለሁ፤ የሸጡትንም ጭምር።›»

ቺናር ጉል ሞረዱን አስቀመጠ።

«ሳባውን ጣልቃ ገብቶ ‹ጥፋቱ እኮ የአባትሽ አፈሙዝ ነበር› አላት። እሷም ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ‹የጠበበ አፈሙዝ ያገሣል እንጂ አያስነጥስም፤ ሂና ተቀብቼ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ድምፁን ሰምቼዋለሁ› አለች። አክስቶቼ ሁሉ እዚያው ናቸው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ‹አቤት፣ ምን አለች?› ትላለች።»

«አንተ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? ልጁን እኮ አየሁት፣ ቺናር። ሻይ ሲቀዳ እጁን አየሁት።» ነስዋሩን ተፋና አፉን ጠረገ። «ከረጢቱን ይዤ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አሥራ አንድ ቤት ዞርኩ። በየደጁ ‹ጥይቱን መልሱልኝ› ስላቸው ‹ለምን? አፈሙዙ ነው ጥፋቱ ተባለ እኮ› ይሉኛል። እንግዲህ እውነቱን መናገር ግድ ሆነብኝ። ማሊክ ቶርሳም ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ አልሰማሁም ብሎ። ያ ሰው ትንኝ ስትበር ይሰማል።»

ቺናር ጉል ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የወደቀ ነገር የሚፈልግ መሰለ።

«ሁሉም ተሰብስቧል። አንዲት ብቻ ጎደለችኝ፤ የት እንደሄደች አላውቅም» አለ ኒያዝቢን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ደንቆሮዋ ጆሮ ጠጋ ብሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። በአሥራ አንድ ደጅ የተናገራት ቃል በአሥራ ሁለተኛው ላይ ከብዳው ነበር።

ቺናር ጉል በርጩማውን ይዞ ተነሣ። ዞሮ በኒያዝቢን ሌላ ጎን ተቀመጠና ግራ ጆሮውን ሰጠው።

«በዚህኛው ንገረኝ» አለው።

ኒያዝቢን ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ መንገዱ ሙሉ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ። «አፈሙዝህ ቀጥ ያለ ነበር። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

ከጎረቤት ሱቆች የመዶሻው ድምፅ ቆመ።

ቺናር ጉል እጁን ወደ ሰደርያው ኪስ ሰደደ። ከአፈሙዙ ካወጣት ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ይዟት የሚዞራትን አንዲት የተጨፈለቀች እርሳስ አወጣና ከረጢቷ ውስጥ ጣላት።

«ይኸው፣ ሞላልህ» አለ። «ውሰድላት።»